በረሃቡ ዘመን እህል ያስጠላኝ በሽታ

ዓይኔ ቢጫ መሆኑን መጀመሪያ ያዩት አማቴ ናቸው። እኔ መስታወት አልነበረኝም፤ ቢኖረኝም በዚያ ዓመት ፊቱን ማየት የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ነገሩ የሆነው በስልሳ አምስቱ ድርቅ፣ ቆቦ ከተማ ዳር፣ ከመኪናው መንገድ ጎን በተተከለው መጠለያ ውስጥ ነው። ያኔ ሃያ ዓመት በቅጡ አልሞላኝም። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ፤ በሽታዬም አብሮኝ አርጅቷል።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ለክትትል በምሄድበት ሆስፒታል ወረፋ ስጠብቅ የማያቸው ወጣቶች ናቸው። «ደምሽ ውስጥ የጉበት ቫይረስ ተገኝቷል» ሲባሉ ያን ቀን የሞቱ ይመስላቸዋል። ወረቀቱን አራት ቦታ አጥፈው፣ ጡታቸው ሥር ወይም ካልሲያቸው ውስጥ ደብቀው፣ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘው ይወጣሉ። አንዳንዶቹ ትዳራቸውን ጥለው ይጠፋሉ፤ አንዳንዶቹ ከቤተሰብ ገበታ ይሸሻሉ። ስለዚህ እኔ መዲና፣ የሰይድ ሚስት፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ፊደል የቆጠርኩት ልጅ ከወለድኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነውና ጽሑፌ ቢንሻፈፍ አትፍረዱብኝ።

ለሰይድ የተዳርኩት ከድርቁ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ ነው። ቤታችን ከቆቦ በስተምሥራቅ፣ ወደ ዞብል ተራራ ግርጌ ነበር። እናቴ በልጅነቴ ስለሞተች የሴት ሙያ የሚባለውን ሁሉ ያስተማሩኝ አማቴ እማ ዘሃራ ናቸው። ረጅም፣ ቀጭን፣ ወሬ የሚወዱ ሴት ነበሩ። ሲቆጡም ሲስቁም ድምፃቸው እኩል ስለሆነ ከሩቅ የሚሰማ ሰው ይጣሉ ይጫወቱ አያውቅም። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ሰይድ አንድያ ልጃቸው ነው። በሠርጌ ማግሥት ጎናቸው አስቀምጠውኝ «እኔ ሴት ልጅ አልሰጠኝም ነበር፤ ይኸው ዘግይቶ ሰጠኝ» አሉኝ። እንዲያ ሲሉኝ አንገቴን ደፋሁ።

ከዚያ ዝናቡ ጠፋ። አንዱን ዓመት ማሽላው ጉልበት ሳይደርስ ደረቀ፤ ቀጥሎ ያለውን ዓመት ጭራሽ አልበቀለም። ከተራራው ወርዶ እርሻችንን ያጠጣ የነበረው ጎርፍ ቀረ። የቤታችንን ክዳን ሣር እያወረድን ለበሬው አበላን፤ ሣሩም አለቀ፣ በሬውም ሞተ። ሰይድ ሁመራ ሰሊጥ አጨዳ አለ ሲባል ሰምቶ ሊሄድ ተነሳ። እናቱን እግራቸውን ስሞ፣ ወደኔ ዞሮ፣ «አደራ፣ እማን» አለኝ። እሳቸው ደግሞ በዚያው ቅጽበት «ሂድ፣ እሷን ለኔ ተዋት» አሉት። አንዳችን ለአንዳችን አደራ ተሰጥተን ቀረን።

ብዙም አልቆየንም። የሚበላ ነገር ሲጠፋ፣ በሌላ ዘመን በግማሽ ቀን የምንሄደውን መንገድ በሁለት ቀን ተጉዘን ቆቦ ገባን። ከዋጃም፣ ከሮቢትም፣ ከጎብዬም ሰው ወደ መኪናው መንገድ ይጎርፍ ነበር። መጠለያው ሸራና ማዳበሪያ በእንጨት ላይ የተወጠረበት ሜዳ ነው። ጠዋት ጠዋት የስንዴ ገንፎ፣ ሲገኝ የዱቄት ወተት ይታደላል። ለሁለታችን አንድ ጎድጓዳ ሳህን ነበረን።

በሽታው የጀመረኝ እዚያ ነው። መጀመሪያ ድካም ነው፤ ግን ሁሉም ሰው ደክሟል። መገጣጠሚያዬን ይቆረጥመኛል፤ ግን ሁላችንም መሬት ላይ ነው የምንተኛ። ቀጥሎ የመጣው ነው ጉድ ያደረገኝ። አንድ ጠዋት ገንፎው መጥቶ እማ ዘሃራ ሳህኑን ሲያቀርቡልኝ ሽታው አፍንጫዬን ሲመታው ሆዴ ተገለበጠ። እህል አስጠላኝ። ሰው ለአንድ ጭብጥ ስንዴ በሚጋፋበት ቦታ እህል አስጠላኝ ብሎ መናገር እንዴት ይቻላል? ማንስ ያምናል?

«ብዪ እንጂ» አሉኝ።

«አላሰኘኝም፣ እማ። አንቱ ይብሉት።»

ብቻቸውን በሉ። በማግሥቱም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቀን ሳህኑን መሬት ላይ አስቀምጠው እጃቸውን አጣጠፉ።

«አውቄብሻለሁ» አሉ። «ድርሻሽን ለኔ ልትለቂ ነው። እኔ አሮጊቷ ኖሬ አንቺ ልትሞቺ! ሰይድ ሲመጣ ምን ልበለው? ሚስትህን በልቼ ጠበቅኩህ ልበለው?»

«ወላሂ አይደለም፣ እማ። ሆዴ እምቢ ብሎኝ ነው።»

«ሆድ እምቢ የሚለው ሲጠግብ ነው! እንግዲህ አንቺ ካልበላሽ እኔም አልቀምስም።»

አልቀመሱም። ገንፎው መካከላችን ተቀምጦ ቀዘቀዘ። አላፊ አግዳሚው እያየው ያልፋል። እኔ እሳቸው እንዲበሉ አለቅሳለሁ፤ እሳቸው እኔ እንድበላ ይቆጣሉ። በመጨረሻ ዓይኔን ጨፍኜ ሦስት ጉርሻ ዋጥኩ፤ ወዲያው ከነሐሞቴ መለስኩት። በዚያ ሜዳ እህል ማስመለስ ምን ያህል እንደሚያሳፍር የሚያውቅ ያውቀዋል። ሰዉ ሁሉ ፊቱን አዞረ። እማ ዘሃራ ግን ተነስተው አፌን በነጠላቸው ጠርገው፣ አገጬን ይዘው ፊቴን ወደ ፀሐይ ቀና አደረጉት። ቁጣቸው ሲጠፋ አየሁ።

«ያ ረቢ!» አሉ። «ዓይንሽ እንዲህ እርድ መስሎ ነው እኔ የምቆጣሽ? ይቅር በይኝ፣ ልጄ። ታመሻል። አብሽሪ፣ አንለያይም።»

ያን ቀን ወደ ክሊኒኩ ወሰዱኝ። ወረፋው ከጥላ ውጪ ነበር፤ እሳቸው ጀርባቸውን ለፀሐይ ሰጥተው በጥላቸው ሸፍነውኝ ቆሙ። መድኃኒት የሚያድለው ሰውዬ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ብርድ ብርድ ይልሻል? ወባ ነው» ብሎ የወባ ክኒን ሰጠኝ። ቆላ ነውና ወባ ነው ማለቱ አይገርምም። ክኒኑን በባዶ ሆዴ ስውጠው ጭራሽ ባሰብኝ። ሽንቴ እንደ ሻይ አተላ ጠቆረ፣ ገላዬን እከክ እከክ አለኝ።

መጠለያው ውስጥ ከዋጃ በኩል ተሰደው የመጡ አንድ መድኃኒት አዋቂ ሽማግሌ ነበሩ። «ይህ የወፍ በሽታ ነው፤ ካልተተኮሰ አይለቅም» አሉ። የሌሊት ወፍ በሰው ላይ ስትሸና ይይዛል ተብሎ የሚታመን በሽታ ነው። ሽማግሌው የጋለ ብረት ክንዴ ላይ ሁለት ቦታ አስቀመጡብኝ፤ ደረቴን ደግሞ በምላጭ በጣ በጣ አደረጉኝ። በዚያ ምላጭ ከኔ በፊት ስንት ሰው እንደተበጣ አላህ ነው የሚያውቀው፤ ከኔም በኋላ በዚያው ቀጥለዋል። ክፋት የላቸውም፤ የሚያውቁትን ነው ያደረጉት። እማ ዘሃራ ራሴን ይዘው ነበር፤ ስጮህ እሳቸውም አብረውኝ ጮሁ። የክንዴ ቁስል መግል ያዘ፣ ዓይኔ ግን ቢጫነቱን አልለቀቀም።

ለዚህ ቁስል ነው ዳግመኛ ወደ ክሊኒኩ የሄድነው። ያን ቀን ያገኘነው ድሬሰር አስማረ የሚባል፣ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ ወጣት ነበር። ዕንቅልፍ ካጣ የቆየ ሰው ይመስላል። ቁስሌን አጥቦ ከጠቀለለልኝ በኋላ የዓይኔን ቆብ በአውራ ጣቱ ዝቅ አድርጎ አየ። ከዚያ በቀኝ ጎኔ ከጎድኔ በታች በቀስታ ጫን ሲለኝ ዘለልኩ።

«ጉበትሽ ነው» አለኝ። «ወባም አይደለም፣ ወፍም አይደለም። ጉበት ሲታመም እህል ያስጠላል፣ ዓይን ቢጫ ይሆናል።»

እማ ዘሃራ «ሰማሽ? እውነትሽን ኖሯል» አሉኝና ወደሱ ዞሩ። «መድኃኒቱን በል ስጠን፣ ልጄ።»

«መድኃኒት የለኝም፣ እማማ። አልዋሽዎትም። ትተኛ፤ ውሃ በብዛት ትጠጣ፤ ስታገኝ ትንሽ ትንሽ ትቅመስ። ብዙዎቹ በራሳቸው ይሻላቸዋል። ሁለተኛ እንዳታስተኩሷት፤ በምላጭም እንዳታስበጧት።»

«መድኃኒት የለኝም» ያለኝ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነው። እንዴት እንደሆነ እንጃ፣ ከሁሉም ይልቅ ያመንኩት እሱን ነው።

ነገር ግን በዚያው ሳምንት መጠለያው ውስጥ ተስቦ ገባ። ሰው በትኩሳት እየነደደ፣ አንዳንዱም ዓይኑ ቢጫ እየሆነ ይሞት ጀመር። አለቆቹ ትኩሳት ያለውና ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሁሉ ተለይቶ በእሾህ ወደታጠረ ድንኳን ይግባ ብለው አዘዙ። አስማረ የኔ ሌላ መሆኑን ቢነግራቸውም አልሰሙትም። ጤነኛ ወደ ውስጥ አይገባም፤ ታማሚ ወደ ውጭ አይወጣም። ሁለት ሰዎች ደግፈው ሲወስዱኝ እማ ዘሃራ ከአጥሩ ማዶ ቀሩ። ከትዳሬ ጀምሮ ከሳቸው የተለየሁበት ቀን አልነበረም። ሞት ማለት ይህ ነው ብዬ ተጋደምኩ።

በማግሥቱ ጠዋት አስማረ በር ላይ ቆሞ አዲስ ታማሚዎችን ሲመረምር የማውቀው ድምፅ ሰማሁ።

«እኔም ታምሜአለሁ! አስገባኝ!»

ቀና ብዬ ባይ እማ ዘሃራ ናቸው። ፊታቸው፣ አንገታቸው፣ መዳፋቸው ሁሉ ቢጫ ሆኗል። ከኔ የያዛቸው መሰለኝ። አስማረ ጉንጫቸውን በጣቱ ዳሰስ አደረገና ጣቱን አሸተተው።

«እማማ» አለ፣ «ይህ እኮ በሽታ አይደለም፤ የወጥ ቅመም ነው።»

ለካ ከተማ ገብተው ከአንዲት ነጋዴ ሴት እርድ ለምነው ፊታቸውን ሁሉ ተለቅልቀው ኖሯል! የሚያዩት ሁሉ ሳቁ፤ ትኩሳት ያጋደማቸው ሳይቀሩ ሳቁ። እማ ዘሃራ ግን አልሳቁም።

«አወቅክብኝ» አሉት። «እንግዲህ ቅመምም ይሁን በሽታ፣ ልጄ እዚያ ውስጥ ናት። አንተ እናት የለህም?»

የአስማረ ሳቅ ፊቱ ላይ ደረቀ። ወዲያና ወዲህ ተመለከተ። «ከገቡ መውጣት የለም» አላቸው።

«ማን ይወጣል!» ብለው አልፈውት ገቡ። አጠገቤ ቆመው እርዱን በነጠላቸው እየጠረጉ፣ «ይኸው መጣሁልሽ፣ ወይዘሮ መዲና፤ በይ እግርሽን ሰብስቢልኝና ልቀመጥ» አሉኝ።

ያ ድንኳን ክፉ ቦታ ነበር፤ ስለሱ ብዙ አልልም። ግን እማ ዘሃራ ከገቡ በኋላ የሰው ቤት መሰለ። ለዚች ውሃ ያቀብላሉ፤ ያችን ያገላብጣሉ፤ ጠጉሬን እየጎነጎኑ የሰይድን የልጅነት ጥፋት ያጫውቱኛል። በየመሀሉ «ውሃ ልቅዳ» ብለው ወደ ድንኳኑ ጀርባ ይሄዱና ቆይተው፣ እጃቸው ረጥቦ ይመለሳሉ። የሚቀዱት ውሃ ለምን እንደሆነ ያወቅኩት ከድንኳኑ ከወጣሁ በኋላ ነው። የሞቱትን ሙስሊም ሴቶች የሚያጥብ ስላልነበረ እሳቸው ያጥቡ ነበር። ተኝቼ ሳለሁ አንድ ቀን እንኳ አልነገሩኝም። ስመለከታቸው «አብሽሪ» ብቻ ነው የሚሉኝ።

አስማረም አልረሳንም። ከራሱ ሻይ የሚቆጥባትን ስኳር በወረቀት ጠቅልሎ ያመጣልኝ ነበር። እማ ዘሃራ በውሃ በጥብጠው በጣታቸው ከንፈሬ ላይ ጠብ ጠብ ያደርጉልኛል። ለብዙ ቀን ሆዴ የተቀበለው እሱን ብቻ ነው።

አንድ ጠዋት ከአጥሩ ውጪ ስንዴ ሲቆላ ሸተተኝ። አላስጠላኝም። ሽታው መጣ፣ ምራቄ መጣ።

«እማ» አልኩ። «ራበኝ።»

እማ ዘሃራ ብድግ ብለው እልልታቸውን አቀለጡት። በዚያ ሜዳ «ራበኝ» የማይል አልነበረም፤ እልል የተባለላት ግን እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሰው ሁሉ ዞሮ አየ። ካጥሩ ማዶ አንዲት ሴት «ምስኪን፣ አእምሮዋን ነካት» ስትል ሰማሁ። እማ ዘሃራ ግን «ራባት! ልጄን ራባት! አልሐምዱሊላህ!» እያሉ አስማረን ፍለጋ ሮጡ።

ቢጫው ቀስ በቀስ ከዓይኔ ለቀቀ፤ ከድንኳኑም አስወጡን። በቀጣዩ ክረምት ዝናብ ጣለ፤ የታደለንን የማሽላ ዘር ተሸክመን ወደ ቤታችን ተመለስን። ሰይድም ከሁመራ መጣ፤ ከስቶ፣ በወባ ተጎሳቁሎ፣ ግን በሕይወት መጣ። በሩ ላይ ሁለታችንንም ሲያይ መግባት አቅቶት ቁጭ አለ።

ዳንኩ ብዬ ነበር። ግን የቀድሞው ጉልበቴ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። በየጊዜው ያለምክንያት እደክማለሁ፤ ቀኝ ጎኔን ይከብደኛል። አንዳንድ ጎረቤት «ሰነፍ ናት» ይለኝ ጀመር። እማ ዘሃራ ግን «መዲና ከቀትር በኋላ ትተኛለች፤ የቤቱ ሕግ ነው» ብለው አወጁ። ቀትር ላይ ሰው ሲመጣ በር ላይ ይመልሱታል። የበሽታውን ስም ሳናውቅ በዚህ ሕግ ነው የኖርኩት። ሁለት ወንዶች ወለድኩ፤ ዘግይታ ደግሞ ሐያት መጣች። እማ ዘሃራ ሐያትን አዝለው እስከማሳደግ ደርሰው፣ ብዙም ሳይታመሙ ወደ አኼራ ሄዱ። ገላቸውን ያጠብኩት እኔ ነኝ።

የበሽታው ስም የታወቀው ሐያት አግብታ የመጀመሪያ ልጇን ባረገዘች ጊዜ ነው። ለእርግዝና ክትትል ደሟ ሲመረመር ሄፓታይተስ ቢ የሚባል የጉበት ቫይረስ ተገኘባት። ቤተሰቡ ሁሉ ይመርመር ተባለ። ባሏ ነጻ ስለሆነ ተከተበ። ወንዶቹ ልጆቼም ነጻ ሆኑና ተከተቡ። ሰይድ ድሮ ይዞት ሰውነቱ ራሱ እንዳስወጣው የሚያሳይ ምልክት ተገኘበት። እኔ ዘንድ ሲደርስ ግን ሐኪሟ ወረቀቱን ደጋግማ አየችው። አልትራሳውንድ ተነሳሁ፤ ጉበቴ መጠንከር ጀምሯል ተባልኩ።

ሐኪሟ ወጣት ናት፤ ግን ጊዜ ሰጥታ አስረዳችኝ። ቫይረሱ በደም፣ በግብረ ሥጋ፣ ከእናት ወደ ልጅ በወሊድ ይተላለፋል። አብሮ በመብላት፣ በአንድ ኩባያ በመጠጣት፣ በመሳሳም አይተላለፍም። ለዓመታት ድምፁን አጥፍቶ ይቀመጥና ጉበትን ያቆስላል። የስልሳ አምስቱን ነገር፣ ምላጩንም ሳይቀር ነገርኳት።

«ያኔ ያመመዎት ይኸው ይሁን ሌላ፣ አሁን ማወቅ አይቻልም» አለችኝ። «ምናልባት ከእናትዎ በልጅነትዎ ወስደውት ይሆናል። ምናልባት ምላጩ ይሆናል። መቼ እንደገባ አናውቅም፤ ከዛሬ ጀምሮ ምን እንደምናደርግ ግን እናውቃለን።»

በቀን አንድ ክኒን ጀመርኩ። ቫይረሱን ያስተኛዋል እንጂ አያወጣውም፤ ስለዚህ ማቋረጥ የለም። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልናገር። አንድ ዘመድ «ይህ ቅጠል ከሥሩ ነቅሎ ያወጣልሻል» ብሎ ተበጥብጦ የሚጠጣ መድኃኒት አመጣልኝ። ክኒኑን ትቼ እሱን ጠጣሁ። ወር ሳይሞላ ዓይኔ እንደገና ቢጫ ሆነ፤ አልጋ ላይ ወደቅኩ። ሐኪሟ ስትቆጣኝ እንደ ልጅ አንገቴን ደፋሁ። «የታመመ ጉበት ያላወቀውን ነገር ሁሉ አይችልም» አለችኝ። እባካችሁ፣ ከኔ ተማሩ።

አሁን ክኒኔን ከመግሪብ ሶላት ጋር አያይዤዋለሁ፤ አዛን ሲል እጄ ራሱ ወደ ብልቃጡ ይሄዳል። ረመዳን ላይ ሐኪሟን ጠይቄ፣ ሁኔታዬን አይታ ፈቅዳልኝ፣ ከቴምሩ ቀጥዬ እውጠዋለሁ። የራሴ ምላጭና የጥፍር መቁረጫ አለኝ። ስቆረጥ ቁስሌን እሸፍናለሁ፤ የነካውን በበረኪና አጥባለሁ። በየስድስት ወሩ ጉበቴ በአልትራሳውንድ ይታያል። ቀትር ላይ እተኛለሁ። ሌላው ኑሮዬ የሰው ኑሮ ነው።

ከክኒኑ ይልቅ የከበደኝ የሐያት ነገር ነው። ውጤቷን ከሰማች ወዲህ እኛ ቤት ስትመጣ የራሷን ኩባያ በፌስታል ይዛ መምጣት ጀመረች። «ሐኪሟ ችግር የለውም አላለችሽም?» ስላት «ለጥንቃቄ ነው» ትለኛለች፤ ዓይኗን ግን አታሳየኝም። አንድ ቀን ሻይዋን ግማሽ ጠጥታ ኩባያዋን ልታጥብ ስትነሳ ከእጇ ቀማሁና የተረፈውን ጨለጥኩት።

«እማዬ!» ብላ ጮኸች።

«እኔም እኮ ታማሚ ነኝ» አልኳት። «ምን ልታስይዢኝ ነው?»

ሳቅ አመለጣት፤ ወዲያው ግን አለቀሰች። ያቺን ኩባያ ዳግም ይዛ አልመጣችም። ግን መካከላችን አንድ ያልተነገረ ነገር እንዳለ ይሰማኝ ነበር። እኔ ልጠይቃት አልደፈርኩም፤ መልሱን አውቀዋለሁና።

የወሊዷ ቀን ሲደርስ ሐኪሟ፣ ሕፃኗ በተወለደች በአንድ ቀን ውስጥ መከተብ አለባት ስላለች፣ የሐያት ባል ክትባቱን ከደሴ በበረዶ ዕቃ ይዞ በአውቶብስ መጣ። መንገዱን ሙሉ ዕቃውን ጭኑ ላይ አቅፎ፣ ወንበር ሥር አድርገው ሲሉት እምቢ ብሎ ነው የደረሰው። ኢማን ተወልዳ ገና ሳትጠባ ተከተበች። ቀሪውንም ክትባት በየጊዜው ጨረሰች። ክትባቱ መሥራቱ የሚታወቀው ግን ዓመት ሊሞላት ሲል በደም ምርመራ ነው ተባልን። እስከዚያ ድረስ ሐያት የልጇን ዓይን በቀን ስንቴ እንደምታይ! መስኮት ዳር ወስዳ፣ ቆቡን ዝቅ አድርጋ ታያለች። «ቢጫ ነው፣ እማዬ?» ትለኛለች። «ነጭ ነው፤ እንደ ወተት ነው» እላታለሁ።

የምርመራው ቀን ሦስታችን ሄድን። ደሟ ተወሰደ፤ ኢማን አልቅሳ አልቅሳ ጭኔ ላይ ተኛች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ከጠዋት እስከ ቀትር ተቀመጥን። ስማችን ሲጠራ ተነስታ ሄዳ ሐኪሟ ፊት ቆመች፤ እኔ ሕፃኗን አቅፌ ከኋላ ደረስኩ።

«ነጻ ናት» አለች ሐኪሟ። «ክትባቱም በደንብ ይዟታል። ይህ በሽታ ኢማንን አያገኛትም።»

ሐያት ወረቀቱን ተቀብላ ደረቷ ላይ ለጠፈችው። አላለቀሰችም። ኮሪደሩ ላይ ወጥተን፣ ሰው ወደሌለበት ጥግ ስንደርስ ቆመች።

«እማዬ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ» አለችኝ። «መጀመሪያ የሰማሁ ጊዜ፣ ከእማዬ ነው የወሰድኩት ብዬ ተቀይሜሽ ነበር።»

«መቼ ተቀይመሽኝ ታውቂያለሽ?»

«በሆዴ ነው እንጂ አልተናገርኩም።»

«እኔም በሆዴ ሰምቼሽ ነበር» አልኳት።

ኢማንን ከእጄ ተቀብላ በሌላ እጇ ክንዴን ያዘችኝና ወደ አውቶብሱ ሄድን።